የብርቱካኑ ትል፣ የግንዱ ሽበትና የማንቸስተሯ የእሳት እራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም ልዩ ልዩ ወረዳዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ የእሳት እራትና ስለ ዛፍ ሽበት የሚጠይቁትን ለዚህ እትም ለይተን አውጥተናል። «የዛፍ ሽበት» ስንል በትምህርት ቤት ላይክን የሚባለውን፣ ግንድና ድንጋይ ላይ አመድማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴማ ሆኖ የሚለጠፈውን ወይም እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ነው።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ያሉት ብርቱካኖች ግንድና ቅርንጫፋቸው ሽበት ለብሷል። ፍሬው ሳይደርስ ይረግፋል፤ ሲቆረጥም ትል ይገኝበታል። ጎረቤቴ «ትሉን የሚያመጣው ሽበቱ ነው፤ በቢላ ፋቀውና ላምባ ቀባው» ይለኛል። መድኃኒት ሁለት ጊዜ አስረጭቼ ምንም አልሆነልኝም። ምን ይሻለኛል? (ገበሬ፣ ከቡሬ አካባቢ)

መልስ፦ ቢላውንም ላምባውንም ይተዉት። ሽበቱና ትሉ አንድ ዛፍ ላይ ተገናኙ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም።

ሽበቱ ፈንገስና አልጌ አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት አካል ነው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ ፈንገሱ ደግሞ መጠለያ ይሆነዋል፣ እርጥበትም ይይዝለታል። ሥር ስለሌለው የዛፉን ጭማቂ አይመጥም፤ ውኃውንም ማዕድኑንም የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጭጋግና ከአቧራ ነው። የሚይዘው የቅርፊቱን የላይኛውን የሞተ ክፍል ብቻ ነው። ታዲያ በታመመ ዛፍ ላይ ለምን ይበዛል ቢሉ፣ ዛፉ ሲዳከም ቅጠሉ ይሳሳል፤ ድሮ ጥላ የነበረው ቅርንጫፍ ብርሃን ያገኛል። እድገቱ የቆመ ቅርንጫፍ ቅርፊቱም ቶሎ ስለማይታደስ ሽበቱ ሳይነካ ይከማቻል። ድካሙ ቀድሞ የመጣ ነው፤ ሽበቱ ተከትሎት ነው የገባው።

ቢፍቁት ቅርፊቱ ይቆስላል፣ በቁስሉም በሽታ ይገባል። ላምባ ለጋውን ቅርፊት ያቃጥላል። ሽበቱን የሚያጠፋ የመዳብ መድኃኒት ቢረጩም ግንዱ ይጠራል እንጂ የዛፉ ድካም አይድንም።

ለድካሙ መጀመሪያ የግንዱን እግር ይመልከቱ። አፈር ወይም ፍግ ግንዱ ላይ ተከምሮ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሥሮች እስኪታዩ ድረስ ያንሱት። የመስኖ ውኃ ግንዱን እየነካ የሚተኛ ከሆነ ቦዩን ቢያንስ አንድ ክንድ ያርቁት። ከግንዱ ሥር ሙጫ የሚያፈስ ቁስል ካለ በሽታው ከዚያ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይኸው የታቆረ ውኃ ነው። የደረቀውን ቅርንጫፍ ከበጋው መጨረሻ በፊት ይቁረጡ፤ ሽበቱም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ወደ ትሉ። ከመፍረድዎ በፊት ፍሬውን ቆርጠው በደንብ ያጢኑ። እግርም የተለየ ራስም የሌላቸው፣ ብዙ ሆነው የሚርመሰመሱ ነጭ ትሎች ከሆኑ የፍራፍሬ ዝንብ ናቸው። አንድ ብቻ ሆኖ፣ ቡናማ ራስና እግሮች ያሉት፣ ሲያድግ ወደ ሮዝ የሚያደላና አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚደርስ ከሆነ ግን የእሳት እራት ልጅ ነው። በሳይንስ ስሟ ታውማቶቲቢያ ሊውኮትሬታ ትባላለች፤ አፍሪካዊት ናት፣ አገራችንም ውስጥ አለች። ክንፏ ተዘርግቶ ከ2 ሳንቲ ሜትር ስለማይበልጥና በሌሊት ስለምትበር ገበሬ እሷን ራሷን አያያትም። ትሉ ብቻውን የሚገኘው ትሎቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ ነው።

እንቁላሏን የምትጥለው በፍሬው ልጣጭ ላይ ነው። ትሉ እንደተፈለፈለ ወዲያው በስቶ ይገባል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ልጣጩ ያለጊዜው ቢጫ ይሆናል፤ ፍሬውም ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግፋል። ርጭቱ ያልሠራልዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትሉ ከገባ በኋላ መድኃኒቱ ልጣጩ ላይ ይቀራል። ትሉ ሲጠግብ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ድር ለብሶ ይተኛል፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ይነሳል። ዑደቱ የሚቆረጠው እንግዲህ ከወደቀው ፍሬ ላይ ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ የረገፈውን ሁሉ ይልቀሙ፤ ቀዳዳ ያለውን ከዛፉም ላይ ያውርዱ። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው አፈሩን ይረግጡት፤ ወይም በወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ጥብቅ አድርገው አስረው ፍሬው እስኪበሰብስ ፀሐይ ላይ ይተዉት። ፍግ ክምር ላይ መጣል ትሉን አፈር እንደ ማልበስ ነው። አዝመራው ካለቀ በኋላ ዛፍ ላይ የቀሩ ጥቂት ፍሬዎችም ለቀጣዩ ዙር ቀለብ ይሆናሉ፤ አይተዉዋቸው። በአጥሩ ዙሪያ ዘይቱንና ጉሎ ካለ ያንንም ይፈትሹ፤ ትሉ እዚያም ይራባል። ሎሚ ግን ብዙም አይመቸውም። ይህ ሥራ የሚያሰለች መሆኑን እናውቃለን፤ ጎረቤትዎ አብሮ ካልለቀመም ውጤቱ ግማሽ ይሆናል። በቢላው ፋንታ የሚነጋገሩበት ነገር ይኸው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ በመጽሐፋቸው ያለውን የእንግሊዝ የእሳት እራት ታሪክ «ጥላሸት ነጯን አጠቆራት» ብለው ይረዱታል። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሽበት ያለው ግንድ አለ። ሁለቱ በአየር ብክለት የተነኩት በአንድ መንገድ ነው? (የባዮሎጂ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በጭራሽ አይደለም፤ ለክፍል ጥሩ የሚሆነውም ልዩነቱ ነው።

ቢስተን ቤቱላሪያ የተባለችው ይህች የእሳት እራት በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ትኖራለች፤ ጎጃም ውስጥ አትፈልጓት። ክንፏ ተዘርግቶ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው መልኳ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ጥቁሯ በማንቸስተር በ1848 (ሁሉም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመዘገበች፤ በ1895 በዚያው አካባቢ ከመቶው 98 ያህሉ ጥቁር ሆነው ነበር። አንዷም ግን በሕይወቷ ቀለም አልለወጠችም። ጥቁር ሆና የተወለደችው ኮርቴክስ በሚባለው ጂን ውስጥ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ስለገባ ነው። በ2016 የወጣ ጥናት ይህ የሆነው በ1819 ገደማ መሆኑን አስልቷል። ጥላሸቱ ያደረገው ግንዱን ማጥቆር ነው፤ መራጮቹ ወፎች ነበሩ። ነጯ ጎልታ ታየች፣ ተበላች፤ ጥቁሯ ተረፈችና ዘሯን አበዛች።

ሽበቱን ግን የመረጠው ወፍ የለም፤ በቀጥታ ተመረዘ። ቅጠል ላይ እንዳለው ዓይነት ውኃ የማያስገባ ሽፋን ስለሌለው አየር ላይ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። ከከሰል ጭስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም ያፈርሳል፤ አልጌው ሲነጣ ፈንገሱ የሚበላውን ያጣል። ፊንላንዳዊው ኒላንደር በ1866 ከፓሪስ ጎዳናዎች የጠፉ ሽበቶች በዚያው ከተማ በሚገኘው የሉክሰምቡርግ መናፈሻ ውስጥ መትረፋቸውን ጽፏል። ሰዎች ሽበትን እንደ አየር መለኪያ ማየት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለተማሪዎችዎ ጎን ለጎን የሚቀመጥ ጥንድ ከፈለጉ ጥቁሯን የእሳት እራት ከሌካኖራ ኮኒዘዮይደስ ጋር ያስቀምጡ። ይህ ሽበት አመድማ አረንጓዴ ቅርፊት መሳይ ነው፤ ገጹ ውኃ ስለሚያንሸራትት አሲዱን ይቋቋማል። ሌሎቹ ሲሞቱ የእንግሊዝ ከተሞችን ግንድ ወረሰ፤ አየሩ ሲጠራ ደግሞ እሱ ራሱ ብርቅ ሆነ። ጥቁሯም እንዲሁ በጭስ ነግሣ በንጹሕ አየር ተሰናበተች። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው፦ እሷ የአንድ ዝርያ ሌላ መልክ ናት፤ እሱ ሌሎች ዝርያዎች የለቀቁትን ቦታ የያዘ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሥዕሉ ጋር አይስማማም። መጽሐፉ «ነጯ የምትደበቀው ሽበት ላይ ነው፤ ሽበቱ ሲመለስ እሷም ተመለሰች» የሚል ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ሚሺጋን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ90 በመቶ በላይ የነበሩት ጥቁሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 20 በመቶ ወርደዋል፤ ግንዶቹ ላይ ያለው ሽበት ግን ይህን ያህል አልተለወጠም። የእሳት እራቷ በዓመት አንድ ትውልድ ትተካለች፤ ሽበት በአንድ ዓመት የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሜትር ነው። ቀድማው ብትሄድ አያስገርምም።

ተመራማሪው ኬትልዌል ወፎች የትኛዋን አብልጠው እንደሚበሉ ለማየት በ1950ዎቹ ያደረገው ሙከራ ግንድ ላይ ራሱ ያስቀመጣቸውን የእሳት እራቶች ስለተጠቀመ ተተችቷል። ሌላው ተመራማሪ ማጄረስ አየሩ ከጠራ በኋላ፣ ከ2001 እስከ 2007፣ በኬምብሪጅ 4,864 የእሳት እራቶች ለቅቆ ደገመው፤ ወፎች ጥቁሮቹን አብልጠው እንደሚበሉ አየ። በተፈጥሮ ካረፉበት ካገኛቸው 135ቱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሲሶ ያህሉ ግንድ ላይ ነበሩ።

በግቢያችሁ የሚሠራ ሙከራ፦ 3 እጅ የስንዴ ዱቄትና 1 እጅ የሚረጋ ዘይት አሽታችሁ 2 ሳንቲ ሜትር የምታህል ድብልብል ሊጥ ሥሩ። ከነጣና ከጠቆረ ካርቶን ክንፍ የሚሆኑ 4 ሳንቲ ሜትር ሦስት ማዕዘኖች ቁረጡ፤ ከያንዳንዱ 20፣ 20። ሊጡን ከሥር አጣብቃችሁ በአንድ ዓይነት ዛፎች ግንድና ቅርንጫፍ ላይ በስፒል ያዙ፤ በጠዋት አስቀምጡ፤ ከ4 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ቁጠሩ። ወፍ የበላው የመንቁር ጭረት ይኖረዋል፤ ጉንዳን የበላው በትንንሽ ጉድጓድ ይሞላል። ጉንዳን የነካውን ከቁጥሩ አውጡት፤ ብዙ ክፍሎች ሙከራው የሚበላሽባቸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም አንድ ዛፍ ላይ መደርደርም ስህተት ነው፤ አንድ ወፍ አንዷን ካገኘች ሁሉንም ትለቅማለች።

ጥያቄ፦ የሳይንስ ክበባችን የባህር ዳርን አየር በዛፍ ሽበት ሊመዝን ነው። የእንግሊዝን ባለ 10 ደረጃ ሠንጠረዥ አግኝተናል። መንገድ ዳር ያሉት ባህር ዛፎች ሽበት ስለሌላቸው አየሩ በጣም ተበክሏል ብለን ልንጽፍ ነው። ልክ ነን? (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች)

መልስ፦ እስካሁን የለካችሁት አየሩን ሳይሆን የባህር ዛፍን ጠባይ ነው። ባህር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል፤ በዝግታ የሚያድግ ሽበት ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይወድቃል። ንጹሕ አየር ያለበት ገጠር ሄዳችሁ ብታዩም ባዶ ነው የሚሆነው።

ሠንጠረዡንም አስቀምጡት። ሆክስወርዝና ሮዝ በ1970 ያወጡት ለእንግሊዝና ዌልስ ዛፎች፣ ለእንግሊዝ ዝርያዎችና ለከሰል ሰልፈር ነው። እኛ ዘንድ ዋናው ነገር የተሽከርካሪ ጭስ፣ የኮረኮንች አቧራና ከበረት የሚነሳ አሞኒያ ነው። አሞኒያና አቧራ ደግሞ ሽበትን ሁሉ አይገድሉም፤ አንዳንዱን ያጠፋሉ፣ አንዳንዱን ያደልባሉ። በረት አጠገብ ብርቱካናማ ቢጫ ሽበት ሞልቶ ካያችሁ የጤና ምልክት ብላችሁ አትጻፉ።

ዋንዛን ምረጡ። በከተማ ግቢም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም፣ በማሳም መካከል ስለሚገኝ ቦታን ከቦታ ለማነጻጸር ይመቻል። በየቦታው ቢያንስ 6፣ ቢቻል 12 ዛፍ ያስፈልጋል፤ ዙሪያቸው ከ50 እስከ 250 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ያልቆሰሉ። ለበዓል ኖራ የተቀባ ግንድ ከቁጥር ውጭ ነው፤ ኖራው ያለውንም ሽበት ይገድላል። ከሽቦ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መሰላል ሠርታችሁ በአምስት እኩል ካሬ ክፈሉት። የታችኛው ጫፍ ከመሬት 1 ሜትር ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ በግንዱ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብና ምዕራብ በየተራ እሰሩት። እያንዳንዱ የሽበት ዓይነት ከአምስቱ ካሬዎች በስንቱ እንዳለ መዝግቡ። መጠኑን ሳይሆን መኖሩን ነው የምትጽፉት። ለያንዳንዱ አቅጣጫ የሁሉንም ዓይነት ቁጥር ደምሩ፣ በዛፎቹ ቁጥር አካፍላችሁ አማካዩን አውጡ፤ በመጨረሻም የአራቱን አቅጣጫ አማካይ ደምሩ። የቦታው ውጤት ይህ ነው።

ስሙን ባታውቁም «ዓይነት 1፣ ዓይነት 2» እያላችሁ በፎቶና በናሙና መለየት ይበቃል። ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ግን ግድ ነው። ጣት ላይ እንደ ዱቄት የሚቀር አረንጓዴ ነገር አልጌ ብቻ ነው፤ ትንንሽ ቅጠል ያለው ሞስ ነው፤ ሁለቱም አይቆጠሩም። ዝናብ እንዳባራ አትሥሩ፤ ሽበት ሲርስ ቀለሙ ስለሚቀየር አንዱን ዓይነት ሁለት ታደርጉታላችሁ። ሁለት የሚመሳሰሉትን ለመለየት ከናሙናው ቆርሳችሁ ነጩ ውስጡ ላይ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ በረኪና ንኩ፤ ወዲያው የሚቀላ አለ፣ የማይቀላ አለ። ፀሐይ ላይ የሰነበተ በረኪና ኃይሉ ስለሚጠፋ ሁልጊዜ መጀመሪያ እንደሚቀላ በምታውቁት ላይ ሞክሩት። ዛፉ ላይ እንዳለ ግን አታንጠባጥቡ።

አንድ ወጥመድ ይቀራል፤ ከፍታ። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ያልፋል። ጮቄ አስታ ላይ የሚንጠለጠለው ረጅም ጢም ባህር ዳር ባይኖር ጭጋጉ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ከተማውን ማወዳደር ያለባችሁ በዚያው ከፍታ፣ ከዋና መንገድ ከራቀ ገጠር ጋር ነው።

ጥያቄ፦ የእሳት እራቶችን ሳንገድል ለማየት በምን መብራት እንጥራቸው? ያለን ቢጫ አምፖል ብዙ አልሳበም። (ተማሪ፣ ሞጣ)

መልስ፦ ቢጫ ብርሃን ጥቂት ነው የሚስበው፤ ሰማያዊና ከዓይናችን በላይ የሆነው አልትራቫዮሌት ነው የሚሠራው። የገንዘብ ኖት መፈተሻ ዓይነት ሐምራዊ መብራት እንኳ ከቢጫው ይሻላል። ነጭ አንሶላ በሁለት እንጨት መካከል ወጥረህ መብራቱን ከፊቱ አንጠልጥል። ጨረቃ የሌለችበት፣ ነፋስ የማይበረታበት፣ ሞቅ ያለ ምሽት ምረጥ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። ብርድ ከጠና ሳትደክም ግባ። በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ነፍሳቱ ብርሃኑን ፈልገው ሳይሆን ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ስለሚያዞሩ ነው ዙሪያውን የሚሽከረከሩት፤ ስለዚህ ብዙዎቹ አንሶላው ላይ ሳይሆን ሳሩ ላይ ያርፋሉ፤ ስትራመድ ተጠንቀቅ። ጠዋት ድረስ ለማቆየት ባልዲ ውስጥ የእንቁላል ካርቶን ደርድር፤ ስትለቅ ቁጥቋጦ ሥር ልቀቅ። ሜዳ ላይ ከለቀቅህ ወፎቹ ሰዓቱን ይለምዱታል።

ጥያቄ፦ ጽድ ላይ የሚንጠለጠለውን ጢም መሳይ ሽበት አፍልቶ መጠጣት ለሳል ይበጃል ይባላል። እውነት ነው? ከሌላውስ እንዴት ይለያል? (ከደጋ ዳሞት)

መልስ፦ መለየቱ ቀላል ነው። አንዱን ክር በውኃ አርሰው በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይሳቡት። የውጭው ሽፋን ተሰንጥቆ መካከሉ ላይ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነጭ ጅማት ከታየ ኡስኒያ የሚባለው ጢም መሳይ ሽበት ነው። ጠፍጣፋና ጅማት አልባ ከሆነ ሌላ ነው። መጠጣቱን ግን አንመክርም። ውስጡ ያለው ኡስኒክ አሲድ ባክቴሪያን እንደሚገታ እውነት ነው፤ ግን በክብደት መቀነሻ እንክብል ተሸጦ የሰው ጉበት በመጉዳቱ በአሜሪካ በ2001 ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ሽበት ከአየር የሚወርደውን ብረትና አቧራም ሁሉ ያጠራቅማል። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ይስጡ።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ ቅጥር ላይ ጠጉራም ትንንሽ አባጨጓሬዎች ሽበቱን ሲግጡ አየን። ድንጋዩን ይጎዱታል? (ከቢቸና)

መልስ፦ አይጎዱትም። ሽበት ብቻ ወይም በዋናነት ሽበት የሚበሉ የእሳት እራት ወገኖች አሉ፤ ሽበቱ ውስጥ ያለውን መራራ ኬሚካል በሰውነታቸው አከማችተው ጠላት መከላከያ የሚያደርጉም አሉ። ጠጉራቸው ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል በባዶ እጅ አትንኳቸው። ሽበቱ ራሱ ግን በረጅም ዘመን የድንጋዩን ገጽ ሊሸረሽር ይችላል፤ ቢሆንም በሽቦ ብሩሽ መፋቅ በአንድ ቀን ከዚያ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ጽሕፈት ወይም ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ከሆነ የቅርስ ባለሙያ ሳያየው አትንኩት፤ ተራ ድንጋይ ከሆነ በውኃ አርሳችሁ በለስላሳ የፕላስቲክ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል።